ሞተሪኖ፤ በኮፈን ሥር የተደበቀው ትንሽ ሞተር

(በሬዲዮ ከተደረገ ንግግር)



ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከአቃቂ ወደ ከተማ ለመውጣት የሚሰናዳ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አንድ ድምፅ ሳይሰማ ከቤቱ አይወጣም። ይኸውም የጎረቤት መኪና ስትነሣ የሚሰማው «ክርርር» የሚለው ድምፅ ነው። በክረምት ብርድ ድምፁ ይረዝማል። ባትሪው የደከመ እንደ ሆነ ደግሞ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሠፈር ልጆች ተጠርተው መኪናዋ ወደ አስፋልቱ ስትገፋ ይታያል። ይህን ድምፅ የሚያወጣው መሣሪያ በየጋራዡ ሞተሪኖ ይባላል። ቁመቱ ከክንድ ያጠረ፣ ክብደቱም ጥቂት ኪሎ የሆነ፣ በኮፈን ሥር ከትልቁ ሞተር ጎን ተለጥፎ የሚኖር የኤሌክትሪክ ሞተር ነው።

ስለዚህ ትንሽ ዕቃ ለመናገር የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመቶ አሥር ዓመት በፊት ዓለምን የምትሞላው መኪና የቤንዚን ትሁን ወይስ የኤሌክትሪክ የሚለውን ክርክር ለመቁረጥ ብዙ የረዳው ይኸው መሣሪያ ነበር። ያ ክርክር ደግሞ ተዘግቶ አልቀረም፤ ዛሬ በእኛ አገር፣ ይልቁንም በደቡቡ የከተማ በር በቃሊቲና በአቃቂ መንገድ ላይ፣ እንደ ገና ተከፍቶ እናየዋለን።

የቤንዚን ሞተር አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ራሱን ማስጀመር አይችልም። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ወደ ላይ ሲወጣ የሳበውን ያምቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ካንዴላው ብልጭታ ሰጥቶ እሳቱ ፒስተኑን የሚገፋው። ስለዚህ ሞተሩ ኃይል ከመስጠቱ አስቀድሞ ሌላ ኃይል እንዲያዞረው ግድ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን እንዲህ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ በደረሰው ቅጽበት ከቆመበት በሙሉ ጉልበቱ ይነሣል። የንግግራችን ፍሬ ነገር በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን።

በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ዎልስሊ የምትባል የእንግሊዝ መኪና እየነዳ አዲስ አበባ በመግባት ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባቀረበ ጊዜ፣ መኪናይቱ እንደ ዘመኑ የቤንዚን መኪናዎች ሁሉ የምትነሣው በሰው ክንድ ነበር። ነጂው ከፊት ለፊት ቆሞ ማኖቬላ የምንለውን ጠማማ ብረት በራዲያተሩ ሥር አስገብቶ በኃይል ያዞራል። ሞተሩ በደኅና የተነሣ እንደ ሆነ መልካም ነው። ብልጭታው ጊዜውን ሳይጠብቅ የመጣ እንደ ሆነ ግን ሞተሩ ወደ ኋላ ይራገጣል፤ ብረቱም ከእጅ አምልጦ የነጂውን ክንድ ይመታል። በዚህ ምክንያት የእጃቸው አንጓ የተሰበረ ሰዎች ብዙ ስለ ነበሩ ሐኪሞች አደጋውን «የሾፌር ስብራት» ብለው ጠሩት፤ ስሙ እስከ ዛሬ ድረስ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ጀማሪ ነጂዎች አስቀድመው ከሚማሩት ነገር አንዱም አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርጎ ብረቱን መያዝ ነበር፤ አውራ ጣቱን በብረቱ ዙሪያ የጠመጠመ ሰው ብረቱ ሲመለስ ጣቱን ይዞበት ይሄዳልና።

በአሜሪካ ባይረን ካርተር ስለ ተባለ የመኪና ሠሪ የሚነገር ታሪክ አለ። የአንዲት ሴት መኪና ቆማባት ሊረዳት ሲል ማኖቬላው መታው፤ በዚያም ጠንቅ ሞተ ይባላል። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ሳይዋብ የቀረ አይመስለንም። ይሁንና የካዲላክ ኩባንያ መሪ የነበረው ሄንሪ ሊላንድ የካርተር ወዳጅ ነበረና፣ የካዲላክ መኪና ከእንግዲህ ወዲያ ሰው መጉዳት የለባትም ብሎ ቁርጥ ሐሳብ እንዳደረገ ይተረካል።

ሊላንድ ማን እንደ ነበረ ጥቂት ሳንናገር ብናልፍ ይቆጨናል። ይህ ሰው ልቡ ያደረው በልክ ላይ ነበር። በዚያን ዘመን ብዙ መኪና ሠሪዎች አንዱን ብረት ከሌላው ጋር እየሞረዱ ያገጣጥሙ ስለ ነበር፣ የአንዷ መኪና ዕቃ ለሌላይቱ አይሆንም ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ሦስት የካዲላክ መኪናዎች በእንግሊዝ አገር ብሩክላንድስ በተባለው የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ በዳኞች ፊት እስከ መጨረሻው ብሎን ተፈታቱ። ዕቃው ሁሉ ተደባለቀ፤ ከፊሉም ተነሥቶ ከመጋዘን በመጣ አዲስ ዕቃ ተተካ። መካኒኮቹም በቁልፍና በጠመንጃ መፍቻ ብቻ፣ ሞረድ ሳይነኩ፣ ከተደባለቀው ክምር ሦስት መኪናዎች መልሰው ሠሩ። ሦስቱም ተነሥተው እያንዳንዳቸው 500 ማይል፣ ማለትም ወደ 800 ኪሎ ሜትር፣ ሄዱ። ካዲላክም በዚህ ሥራው በእንግሊዝ የመኪና ማኅበር የሚሰጠውን የዴዋር ዋንጫ ተቀበለ። እኛ በአማርኛ «መለዋወጫ» የምንለው ቃል የዚያን ቀን ፈተና በአንድ ቃል የሚገልጽ ነው። በአቃቂ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ሲባል የኖረው ድርጅት ስሙን ያወጡለት ሰዎች ሊላንድን ያስቡ አያስቡ እንጃ፤ ቃሉ ግን በትክክል የእርሱን ሐሳብ ይዟል።

ወደ ማኖቬላው እንመለስ። ሊላንድ የፈለገውን ሰው ያገኘው ኦሃዮ በተባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ዴይተን በምትባል ከተማ ነው። ስሙ ቻርልስ ኬተሪንግ ይባላል። ኬተሪንግ ቀደም ሲል የካሽ ሬጅስተር ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። ያ የሱቅ ገንዘብ መመዝገቢያ በዚያን ጊዜ በእጅ ኃይል ይሠራ ነበርና፣ ኬተሪንግ እጅን የሚተካ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አበጀለት።

የመኪና ሞተር በኤሌክትሪክ ይነሣ ሲባል የዘመኑ ዐዋቂዎች አይሆንም ይሉ ነበር። አንድን የቤንዚን ሞተር ለማዞር የሚበቃ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ መኪናይቱን የሚያክል ክብደት ይኖረዋል የሚል ሒሳብ ነበራቸው። ሒሳባቸው ስሕተት አልነበረበትም፤ ስሕተቱ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ እንደሚሠራ አድርገው ማሰባቸው ነበር። ኬተሪንግ ግን ከካሽ ሬጅስተሩ የተማረው ሌላ ነገር ነው። አንድ ወዛደር ኩንታል ጤፍ አንሥቶ በጋሪ ላይ ለመጫን ኃይል አያንሰውም፤ ያንኑ ኩንታል ተሸክመህ ከአቃቂ እስከ ሳሪስ ሂድ ቢሉት ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተርም ለጥቂት ሰኮንድ ከዐቅሙ በላይ ቢሠራና ወዲያው ቢያርፍ አይቃጠልም። መኪናን ለማስነሣት የሚያስፈልገውም ጥቂት ሰኮንድ ብቻ ነው።

ዛሬም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። የአንድ ተራ አውቶሞቢል ሞተሪኖ ኃይል ከአንድ ኪሎዋት እስከ አንድ ተኩል ኪሎዋት ገደማ ስለሚሆን የአንድ ኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ግማሽ እንኳ አይደርስም። በጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ጥርሳማ መዘውር በትልቁ ሞተር ቮላኖ ላይ ትነክሳለች፤ እርስዋ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ስትዞር ትልቁ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ በዚህ መንገድ ትንሽ ጉልበት ይበዛል። መካኒክ «ቁልፉን ይዘህ አትቆይ፤ ጥቂት ጠብቀህ ሞክር» ሲል የሚሰጠው ምክር ከኬተሪንግ ሐሳብ የመጣ ነው፤ ሞተሪኖ ለእስትንፋስ ያህል እንዲሠራ እንጂ እንዲቆይ አልተሠራምና።

ኬተሪንግ ኤድዋርድ ዲድስ ከተባለ ወዳጁ ጋር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ዴልኮ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ጓደኞቹን ይዞ በዲድስ ጓሮ በነበረ በረት ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ በ1911 የካቲት ወር መሣሪያውን ለሊላንድ አሳየው። ለ1912 ዓመት የተዘጋጁት የካዲላክ መኪናዎችም ያለ ማኖቬላ የሚነሡ ሆነው ወጡ። የመጀመሪያው መሣሪያ ሁለት ሥራ ነበረው። በ24 ቮልት ሞተር ሆኖ መኪናይቱን ያስነሣል፤ ከተነሣች በኋላ ደግሞ ያው መሣሪያ በተራው በሞተሩ ኃይል እየዞረ ዲናሞ ይሆንና በ6 ቮልት ባትሪውን ይሞላል፤ መብራቱም ከዚሁ ይበራል። ካዲላክም ስለዚህ ሥራ የዴዋርን ዋንጫ ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደ። አንድ መሣሪያ ኃይል ሰጪም ኃይል ሰብሳቢም መሆኑን አንባቢ እንዳይረሳው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ደግሞ በዚህ ፈጠራ ስለ ተጎዳችው እንናገር። ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና የትናንት ፈጠራ ትመስለዋለች። ነገር ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1900 በአሜሪካ ከተሠሩት 4,192 መኪናዎች መካከል 1,681 በእንፋሎት፣ 1,575 በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሲሆኑ፣ የቤንዚኖቹ 936 ብቻ ነበሩ። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የላትም፣ አትጮኽም፣ ማርሽ አትፈልግም፤ ከሁሉ በላይ ማኖቬላ አይነካትም። ስለዚህ የከተማ ሐኪሞችና ወይዛዝርት ይመርጧት ነበር። የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ክላራ ፎርድ እንኳ ባሏ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የቤንዚን መኪናዎች የሚሠራ ሰው ሆኖ ሳለ፣ እርስዋ የምትነዳው ዲትሮይት ኤሌክትሪክ የተባለችውን መኪና ነበር።

ሞተሪኖ ይህን ብልጫ ከኤሌክትሪክ መኪና ነጠቃት። ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው፣ ክንደ ብርቱም ይሁን ደካማ፣ ተቀምጦ በእግሩ ወይም በጣቱ ተጭኖ የቤንዚን መኪና ሊያስነሣ ቻለ። የኤሌክትሪክን መኪና ያሸነፋት፣ እንግዲህ፣ በቤንዚን መኪና ውስጥ የተደበቀ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው!

አንዳንድ ጸሐፊዎች ነገሩን በዚህ ይጨርሱታል። እኛ ግን ጥፋቱን ሁሉ በሞተሪኖ ላይ መጫን ተገቢ አይመስለንም። የፎርድ ሞዴል ቲ በ1908 ስትወጣ ዋጋዋ 850 ዶላር ነበር። ፎርድ በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ሥራው ወደ ሠራተኛው እየተንቀሳቀሰ የሚመጣበትን ዘዴ ካቆመ በኋላ፣ የአንዷን መኪና አካል ለመገጣጠም ይወስድ የነበረው ከአሥራ ሁለት ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ ወደ 93 ደቂቃ ወረደ፤ ዋጋውም በ1920ዎቹ ከ300 ዶላር በታች ሆነ። ልብ ይበሉ፤ ሞዴል ቲ ፋብሪካው የሚሰጠው ሞተሪኖ ያገኘችው በ1919 ነው። ይህም ማለት ከዚያ በፊት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ክንዱን ለአደጋ እየሰጠም ቢሆን ርካሹን መኪና ገዝቷል ማለት ነው። በቴክሳስም በ1901 ብዙ ዘይት ፈልቆ ቤንዚን ረክሷል። ቤንዚንን በጣሳ ተሸክሞ የትም የገጠር ሱቅ ማድረስ ይቻላል፤ ኤሌክትሪክ ግን በዚያን ጊዜ ከከተማ አጥር አይወጣም ነበር። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና የተሸነፈችው በሞተርዋ ድካም ሳይሆን ከመንገዱ ዳር በጠፋው ነገር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በአቃቂ የሚኖር አንባቢ ግን አንድ ግጥምጥሞሽ ሳያስደንቀው አይቀርም። ካዲላክ ያለ ማኖቬላ በተነሣችበት ዘመን፣ በ1904 ዓ.ም. ገደማ፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ከውሃ ኃይል ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ጣቢያ የተሠራው በአቃቂ ወንዝ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ባቡሩ እንኳ ገና ወደ አቃቂ አልደረሰም፤ የደረሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ነው። ኋላም በዚሁ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ፤ እርሱም ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ እንደ ገና ሥራ ጀመረ። የኃይሉ መጠን ከ7 ሜጋዋት በታች ስለሆነ ለዛሬ ከተማ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም የአገራችን የውሃ ኃይል ኤሌክትሪክ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ጅረት መሆኑን የአቃቂ ሰው ቢኮራበት አይፈረድበትም።

ሞተሪኖ የሚለው ስም ራሱ ታሪክ አለው። ፈጠራው የአሜሪካ ነው፤ ስሙ ግን የጣሊያን ነው፤ «ትንሽ ሞተር» ማለት ነው። ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ኮፈን፣ ቮላኖ የምንላቸውም እንዲሁ ናቸው። የጭነት መኪናና ጋራዥ በብዛት የገባው ከጣሊያን ጋር ስለ ነበር፣ የዴይተኑ ፈጠራ አቃቂ የደረሰው በሮማ ቋንቋ ተጠምቆ ነው።

በዚህ መካከል የኤሌክትሪክ መኪና ጨርሳ አልሞተችም። ጄኔራል ሞተርስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ኢቪ ዋን የተባለች መኪና አውጥቶ በኪራይ ሰጠ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም መኪናዎቹን ሰብስቦ አብዛኞቹን አስጨፈለቃቸው። የገዛ ሥራውን ቀዳሚነት በገዛ እጁ ያፈረሰ ኩባንያ መኖሩ ይገርማል። በ2008 ግን ቴስላ የተባለው ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ በስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ በሚገኘው ዓይነት በሊቲየም ባትሪ የምትሄድ መኪና ለገበያ አቀረበ፤ በአንድ ሙሌትም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ከሁሉ አብልጠው ያስፋፉት ቻይናውያን ናቸው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ወር ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጋው ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ ኃይል ሥራ ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን 4 ቀን ደግሞ 5,150 ሜጋዋት ኃይል ያለው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ተመረቀ። ስለዚህ በአሜሪካ በ1904 ዓ.ም. ግድም የተቆረጠው ክርክር በእኛ ዘንድ በሌላ ዳኛ ፊት ቀረበ ማለት ነው።

የደመወዝ ሰው ከባንክ ተበድሮ መኪና ሊገዛ ሲያስብ የሚጠይቀው ጥያቄ ታሪክ አይደለም፤ «ያዋጣኛል ወይ?» የሚል ነው። ከአቃቂ መሐል ከተማ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል እንበል። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለዚህ መንገድ ከ7 እስከ 8 ኪሎዋት ሰዓት ትፈጃለች፤ ከቤት ግድግዳ ሶኬት በሁለት ኪሎዋት ቢሞሏት አራት ሰዓት ያህል ይበቃታል። ማታ መብራት ካልጠፋ ጧት ዝግጁ ናት። መብራት ሁለት ሌሊት በተከታታይ ቢጠፋስ? ያን ጊዜ ባለቤቷ የ1900ዋ አሜሪካዊት የደረሰባት ችግር ይደርስበታል።

የከተማችን ከፍታም ለኤሌክትሪክ ሞተር ይመሰክራል። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ግድም ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንፋሽ አጋዥ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ምንም አይጎድልበትም። ቀደም ብለን እንዳይረሱት ያልነው ነገርም እዚህ ላይ ይመጣል። የኤሌክትሪክ መኪና በቱሉ ዲምቱ ገብታ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ስትወርድ፣ ነጂው እግሩን ያነሣ እንደ ሆነ ሞተርዋ እንደ ኬተሪንግ መሣሪያ ዲናሞ ይሆንና ቁልቁለቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። የቤንዚን መኪና ያንኑ ቁልቁለት በፍሬን ሸራ ላይ አቃጥላ ትጨርሰዋለች።

እኛን የሚያሳስበን ሞተሩ ሳይሆን መለዋወጫው ነው። በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ዓይነት መኪና ከብዙ ፋብሪካ ገብቷል፤ የአንዱ ባትሪ ለሌላው አይሆንም፤ የአንዱን የኮምፒዩተር ቋንቋ የሌላው መካኒክ አያነብም። ሊላንድ በብሩክላንድስ ሜዳ ሦስት መኪናዎች አፈታቶ ያሳየውን ነገር ዛሬ ሦስት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከቃሊቲ ጋራዦች በአንዱ አቁሞ ማሳየት የሚችል ያለ አይመስለንም። ስለዚህ ገዢ ሆይ፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ወንበሩ ከመጠየቅዎ በፊት ባትሪው ሲደክም ማን እንደሚጠግነው ሻጩን በጽሑፍ ያስመልሱት።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናይቱ እንቢ ስትላቸው ይደነግጣሉ። በኮፈኑ ሥር አንዲት ትንሽ፣ እንደ ድሮዋ ያለች የ12 ቮልት ባትሪ አሁንም አለች። መብራቱን፣ ቁልፉንና ኮምፒዩተሩን የምትቀሰቅሰው እርስዋ ናት፤ እርስዋ ከሞተች ትልቁ ባትሪ አይከፈትም። እንዲህ ያለች መኪና በጥቂት ልጆች ብትገፋ አትነሣም። የሚረዳት ከሌላ መኪና ባትሪ የሚመጣ ሽቦ ነው፤ ሽቦውን የሚሰጣትም ብዙ ጊዜ በአጠገቧ የቆመው አሮጌው የቤንዚን መኪና ነው።